ከበሽሎ ማዶ የወጣች መሰናክል ዘላይ

እስቲ ቡናው እስኪንተከተክ አንድ የቆየ ወሬ ላጫውታችሁ። ዓመቶቹን በኛ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ።

በ1888 ፋሲካ የዋለው መጋቢት 28 ቀን ነበር። ዓድዋ ላይ ድል ከተገኘ ገና 35 ቀኑ ነው። የዘመተው ሁሉ እቤቱ አልገባም፤ ደቡብ ጎንደር ውስጥ ጋይንት ሆነ ስማዳ ወይም እስቴ፣ ያን ሰሞን ፆም የፈታ ሰው ዓይኑ መንገድ መንገዱን ያይ እንደነበር መገመት አያዳግትም። ግሪኮችም እንደኛ ኦርቶዶክሶች ናቸውና የነሱም ፋሲካ የዋለው በዚያው ዕለት ነው። በማግስቱ፣ መጋቢት 29፣ በዓለ ወልድ በሚከበርበት ቀን፣ ንጉሣቸው ጊዮርጊስ አቴና ላይ በእብነ በረድ በተሠራው ስታዲየም ተገኝተው የመጀመሪያውን ዘመናዊ ኦሊምፒክ ከፈቱ። እዚህ አገሩን ያስከበረ ሠራዊት ወደ ቀዬው ሲመለስ፣ እዚያ የዓለም ጎረምሶች ለሩጫ ተሰበሰቡ ማለት ነው። ሁለቱን ነገሮች አንድ ላይ አድርጎ ያነሣቸው ሰው አላጋጠመኝም፤ እኔን ግን ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለ መሰናክል ሩጫ ነው። ሚያዝያ 3፣ ከዓድዋ በ40ኛው ቀን፣ የ110 ሜትር መሰናክል ፍፃሜ ተደረገ። መነሻው መስመር ላይ የቆሙት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንዱ የቦስተኑ ቶማስ ከርቲስ፣ ሌላው እንግሊዛዊው ግራንትሊ ጎልዲንግ። ዊልያም ሆይት ማጣሪያውን አልፎ ነበር፤ ግን በዚያው ቀን ምርኩዝ ዝላይ ስለነበረበት መሰናክሉን ትቶ ወደዚያ ሄደ፣ ሄዶም አሸነፈ። ፈረንሳዊው ፍራንዝ ራይሼል ደግሞ ማራቶን የሚሮጠውን ያገሩን ልጅ ለመርዳት ብሎ ቀረ። ከርቲስ በ17.6 ሰከንድ ገባ፤ ጎልዲንግ ለጥቂት ተቀደመ። ሕዝቡ ግን ልቡ እዚያ አልነበረም። ያን ቀን ከማራቶን ከተማ ተነሥቶ አቧራ ለብሶ ስታዲየም የገባው ስፒሪዶን ሉዊስ ነው፤ ግሪክ በሙሉ ያበደችው ለሱ ነው። ከርቲስን ማን ያስታውሰዋል?

እንግዲህ የመሰናክል ሯጭ ዕጣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይኸው ሆነ። ሌላ ድል ጥላውን ያጠላበታል። የኛዎቹም ከዚህ አላመለጡም፤ ለዚህ ነው ዛሬ ያነሣኋቸው።

በ110 እና በ400 ሜትር መሰናክል የኢትዮጵያ ስም ጎልቶ አይሰማም። የኛ መሰናክል 3,000 ሜትሩ ነው። በቴሌቪዥን ያያችሁት እንኳ ሕጉን ላታውቁት ትችላላችሁና ባጭሩ ልንገራችሁ። ሯጩ 28 ጊዜ መሰናክል ያልፋል፤ በተጨማሪም 7 ጊዜ ውኃ ያለበትን ይዘላል። የወንዶቹ መሰናክል ከፍታ 91.4፣ የሴቶቹ 76.2 ሳንቲ ሜትር ነው። በአጭር ርቀት የሚሮጡበት መሰናክል እግር ሲነካው ይወድቃል። ይኼኛው ግን አይወድቅም። አንዱ ብቻ ከ80 እስከ 100 ኪሎ ይመዝናል፤ እግርህ ከነካው የምትወድቀው አንተ ነህ። ውኃው ያለበት ጉድጓድ 3.66 ሜትር ይረዝማል፤ ከመሰናክሉ ሥር ጥልቅ ሆኖ እየራቀ ሲሄድ መሬቱ ከፍ ይላል። ስለዚህ ርቆ የዘለለ እግሩን ብዙም አይነክርም፤ የደከመው ግን ጥልቁ ውስጥ ይገባና ከውኃው ለመውጣት ጉልበቱን ይጨርሳል። ከ1,000 ሜትር በፊት ውብ ሆኖ ይዘል የነበረ ሰው መጨረሻው ዙር ላይ እዚያች ጉድጓድ ውስጥ ሲንገዳገድ የምታዩት በዚህ ምክንያት ነው።

የዚህ ውድድር ሥሩ ፈረስ ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት አየርላንድ ውስጥ ሁለት ሰዎች ተወራርደው ከአንዱ ከተማ ቤተ ክርስቲያን ማማ ተነሥተው ወደ ሌላው ከተማ ቤተ ክርስቲያን ማማ፣ አጥሩንም ቦዩንም እየዘለሉ ፈረስ ጋለቡ ይባላል። መንገድ አልመረጡም፤ ማማው ከሩቅ ስለሚታይ እሱን እያዩ ቀጥ ብለው ሄዱ። ኋላ በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የኦክስፎርድ ተማሪዎች ያንኑ በእግራቸው ሞከሩት። ይህን ለጋይንት ሰው ብትነግሩት ምንም አይገርመው። እሱም አገር አቋርጦ ሲሄድ ምልክቱ ጉብታው ላይ በዛፍ ተከቦ የሚታየው ቤተ ክርስቲያን ነው። ፈረሱንም ቢሆን ያውቀዋል፤ ጥር 25 ቀን ለመርቆሪዮስ ደብረ ታቦር ወጥቶ ጉግሱን ያየ ሰው ፈረስና በዓል እንዴት እንደሚዋደዱ ያውቃል።

አሁን ወደ ራሳችን ሰዎች። ሞስኮ፣ ሐምሌ 1972። ምሩፅ ይፍጠር ሐምሌ 20 ቀን 10,000 ሜትሩን አሸንፏል፣ መሐመድ ከድርም በዚያው ሩጫ ነሐስ ወስዷል። ሐምሌ 25 ደግሞ ምሩፅ 5,000 ሜትሩን ሊሮጥ አገር በሙሉ ጆሮውን ሬዲዮ ላይ ጥሏል። በመካከሉ፣ ሐምሌ 24፣ የ3,000 ሜትር መሰናክል ፍፃሜ ነበር። እሸቱ ቱራ ተሰለፈ። አብሮት ታንዛኒያዊው ፊልበርት ባዪ አለ፤ የ1,500 ሜትር ክብረ ወሰን ባለቤት የነበረው ያ ባዪ። ፖላንዳዊው ብሮኒስላቭ ማሊኖቭስኪም አለ። ባዪ ገና ከመነሻው ተፈትልኮ ወጣና ብቻውን ሮጠ። የሚይዘው ያለ አይመስልም ነበር። ማሊኖቭስኪ ግን ቀስ እያለ ክፍተቱን ሞላ፤ በመጨረሻው ዙር ባዪ እግሩ ከዳው፣ ፖላንዳዊው ቀደመው። ማሊኖቭስኪ 8:09.70፣ ባዪ 8:12.48፣ ቀጥሎ የኛው እሸቱ 8:13.57። አራተኛ የወጣው ስፔናዊ ከሁለት ሰከንድ በላይ ወደኋላ ነው።

ይህን ሰዓት ልብ በሉልኝ። እሸቱ ከባዪ በአንድ ሰከንድ ብቻ ነው የተለየው። አራት ዓመት ቀደም ብሎ አብዛኞቹ የአፍሪካ አገሮች በሞንትሪያል ኦሊምፒክ አንሳተፍም ስላሉ የኛ ልጆች አልሮጡም፤ ከሞስኮ በኋላም ሎስ አንጀለስና ሴኡል ላይ አልተገኘንም። ለእሸቱ ዘመን የተከፈተው በር ያ አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም ገባበትና ነሐስ ይዞ ወጣ። ግን በማግስቱ ምሩፅ ሁለተኛ ወርቁን አመጣ፤ አገሩ ያንን ሲዘፍን የእሸቱ ነሐስ በጀርባ ቀረ። ምሩፅ የተዘፈነለት ተገቢ ነው፣ አንዲት ቃል አልቀንስበትም። ግን በመሰናክል የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ሜዳልያ ያመጣልንን ሰው ስም ስንት ወጣት ያውቀዋል? እሸቱ ኋላም አሠልጣኝ ሆኖ የብሔራዊ ቡድኑን ልጆች ያሠለጠነ ሰው ነው።

ሴቶቹ ደግሞ ከዚህ የባሰ ጠበቁ። ስለ ሴቶች መሰናክል ስናወራ አንድ ስም ማለፍ ነውር ነው። አሊስ ሚልያ ትባላለች፣ ፈረንሳዊት ናት። ኦሊምፒክ ሴቶችን ወደ አትሌቲክስ ሜዳ አላስገባም ባለበት ዘመን ሴቶቹ የራሳቸውን ዓለም አቀፍ ውድድር እንዲያደርጉ ካበቁት አንዷ ናት። በ1913 ሞንቴ ካርሎ ላይ ሮጡ፣ ዘለሉ፤ መሰናክልም ነበረበት። በ1914 ፓሪስ ላይ ደገሙት። ኦሊምፒክ ለሴቶች የመሰናክል ሩጫ የፈቀደው ከዚያ አሥር ዓመት ቆይቶ፣ ሎስ አንጀለስ ላይ ነው፤ 80 ሜትር ብቻ፣ ያሸነፈችውም ቤብ ዲድሪክሰን ናት። ወንዶቹ 3,000 ሜትር መሰናክል ኦሊምፒክ ላይ መሮጥ የጀመሩት በ1912 ነው። ሴቶቹ? ዓለም ሻምፒዮና ላይ በ1997፣ ኦሊምፒክ ላይ በ2000። ከ80 ዓመት በላይ ልዩነት ማለት ነው። የእሸቱ ዘመን ሴቶች በዚህ ርቀት ስንት ሜዳልያ ሊያመጡልን ይችሉ እንደነበር ማን ያውቃል? ውድድሩ ራሱ አልነበረም።

በሩ በተከፈተ ጊዜ ከኛ በኩል ፈጥነው ከገቡት ውስጥ አንዷ ሶፊያ አሰፋ ናት። ሶፊያ የተወለደችው ደቡብ ወሎ፣ ተንታ ወረዳ ነው። ተንታ ከበሽሎ ወንዝ በስተደቡብ ነች። ያው በሽሎ ቁልቁል ሲወርድ ስማዳን ከደቡብ ወሎ ይለይና ዓባይ ይገባል። ስለዚህ የጋይንትና የስማዳ ሰው ሶፊያን የማዶ ልጅ ቢላት አያሳፍረውም። ያንን የበሽሎ ገደል ማን እንደሚያውቀው ታሪክ ይመሰክራል። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያስቀለጡትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር አስነሥተው በጋይንት አድርገው፣ ጨጨሆን አልፈው፣ ዋድላ ደላንታን ተሻግረው፣ የጂጣንና የበሽሎን አፋፍ አውርደውና አውጥተው መቅደላ ሲያደርሱት ስድስት ወር ገደማ ፈጅቷል። መንገዱን ድንጋይ እየፈለጡ ነው የሠሩት።

ሶፊያ ለንደን ላይ የሮጠችው ሐምሌ 30 ቀን 2004 ነው። ሩሲያዊቷ ዩሊያ ዛሪፖቫ አንደኛ ገባች፣ ቱኒዚያዊቷ ሐቢባ ግሪቢ ሁለተኛ፣ ሶፊያ በ9:09.84 ሦስተኛ። ሕይወት አያሌው፣ የሯጯ የውዴ አያሌው እህት፣ አምስተኛ ወጣች። ነሐስ ተባለ፣ ተጨበጨበ። ያን ሰሞን ግን ቲኪ ገላና ማራቶኑን፣ ጥሩነሽ ዲባባ 10,000 ሜትሩን፣ መሠረት ደፋር 5,000 ሜትሩን ያሸነፉበት ነውና የሶፊያ ነሐስ እንደ እሸቱ ነሐስ ከዳር ቆመ። አራት ዓመት ሊሞላው ሲል፣ በ2008፣ ዛሪፖቫ አበረታች መድኃኒት በመጠቀሟ ውጤቷ ተሰረዘ። ግሪቢ ወደ ወርቁ፣ ሶፊያ ወደ ብሩ፣ ሕይወት ወደ አራተኛነት ከፍ አሉ። እንግዲህ አስቡት። ያ ብር የዚያን ዕለት ምሽት ለንደን ላይ፣ ባንዲራው ሁለተኛ ሆኖ እየወጣ ቢሆን ኖሮ ስሟ ዛሬ በየቤቱ ይጠራ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ በወረቀት ሲመጣ ማን ጎዳና ወጥቶ ይቀበለዋል? በመድኃኒት የሚሮጥ ሰው የሚሰርቀው ሜዳልያ ብቻ አይደለም፤ ያንን ምሽትም ነው። እሱን የሚመልስ ፍርድ ቤት የለም። ሶፊያ ከለንደን በቀጣዩ ዓመት ሞስኮ ላይ በዓለም ሻምፒዮና ነሐስ ደገመች።

ከሶፊያ ቀጥሎ የመጡትን ሳላነሣ ብሄድ ይቆጨኛል። ነሐሴ 2008፣ ሪዮ ላይ እቴነሽ ዲሮ በማጣሪያው ከፊት ሆና እየመራች ሳለ ከኋላዋ የነበሩት ተደናቀፉና እላይዋ ላይ መጡ። ጫማዋ ተበላሸ። ልታጠልቀው ሞከረች፣ እንቢ ሲላት ወረወረችው፤ ካልሲውንም አወለቀችና አንድ እግሯ ባዶ ሆኖ መሰናክሉንም ውኃውንም እየዘለለች ጨረሰች። ሰባተኛ ወጣች፤ አቤቱታ ቀርቦላት ለፍፃሜ እንድታልፍ ተፈቀደላት። ይህን ያየ ሰው ሁሉ ያለቀሰው ስላዘነላት ብቻ አይመስለኝም። በ2014 ዩጂን ላይ በዓለም ሻምፒዮና ወርቁሃ ጌታቸው ብር፣ መቅደስ አበበ ነሐስ አመጡ። በ2018 መስከረም ቶኪዮ ላይ በተደረገው ሻምፒዮና ሲምቦ ዓለማየሁ ነሐስ።

በወንዶቹ ለሜቻ ግርማ አለ። በ2012 መስከረም ዶሃ ላይ በዓለም ሻምፒዮና በአንድ መቶኛ ሰከንድ ወርቅ አመለጠው፤ ኬንያዊው ኮንሴስለስ ኪፕሩቶ 8:01.35፣ ለሜቻ 8:01.36። ከዚያ ቶኪዮ ኦሊምፒክ ብር፣ ዩጂን ብር፣ ቡዳፔስት ብር። ሰኔ 2 ቀን 2015 ፓሪስ ላይ በ7:52.11 የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ፤ 19 ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረውን የሳይፍ ሰዒድ ሻሂንን 7:53.63 ነው ያሻሻለው። በዓመቱ ነሐሴ 1፣ እዚያው ፓሪስ ውስጥ፣ በኦሊምፒኩ ፍፃሜ የመጨረሻ ዙር ላይ መሰናክል ነክቶ ወደቀ፣ በቃሬዛ ወጣ። ደግነቱ ተርፎ፣ ተመልሶም ሮጧል። ይህን ሁሉ ስትደምሩት፣ የዓለም ክብረ ወሰን በእጃችን አለ፤ ብርና ነሐስ ሞልቶናል፤ በዚህ ርቀት የኦሊምፒክም የዓለም ሻምፒዮናም ወርቅ ግን ለኢትዮጵያ ገና አልመጣም።

ለምን? እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚለው አንድ ነገር አለ። «ልጆቻችን እኮ ተራራ ለተራራ፣ ቦይ ለቦይ ሲዘሉ ነው ያደጉት» ይባላል። ምሥራቁን ደቡብ ጎንደር ያየ ይህን ሊል ይችላል። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ውኃው በአንድ ወገን ወደ ጣና፣ በሌላው ወደ ዓባይ፣ በሌላው ወደ ተከዜ ይወርዳል። ነፋስ መውጫ በደጋው ላይ፣ አርብ ገበያ፣ ወገዳ፣ መካነ ኢየሱስ በየአቅጣጫው፤ ከዚያ ገደሉ ቁልቁል ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ። እረኛ ልጅ ጠዋት ገብስ ማሳ ዳር ውርጭ ረግጦ ወጥቶ፣ የእሾህ አጥርና እርከን ሲዘል ይውላል። ሳንባና ጉልበት የሚሠራበት አገር ነው፤ እውነት ነው።

ግን መሰናክል በጉልበት ብቻ አይዘለልም። እረኛው ልጅ አጥሩ ጋ ሲደርስ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ በሚመቸው እግሩ ይነሣል፣ ወደ ላይ ይዘላል። የመሰናክል ሯጭ ይህን ሦስቱንም ማድረግ የለበትም። ሲደርስ ፍጥነት ይጨምራል። በግራውም በቀኙም እግሩ መነሣት አለበት፤ በሰው ተከቦ ሲሮጥ የትኛው እግር እንደሚደርሰው አያውቅምና። ወደ ላይ ሳይሆን ወደፊት ያልፋል፤ ፊተኛው እግር ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ኋለኛው ጉልበቱ ወደ ጎን ተከፍቶ ይከተላል፣ ደረቱ ጎንበስ ይላል። ይህ ካልተማሩት የማይመጣ ነገር ነው። 35 ጊዜ በየመሰናክሉ ትንሽ ትንሽ ጊዜ የሚጥል ልጅ፣ የቱንም ያህል ሳንባ ቢኖረው፣ መጨረሻው ላይ ብዙ ሰከንድ ጥሏል። ለሜቻ የተቀደመው በአንድ መቶኛ ሰከንድ መሆኑን አትርሱ።

ኬንያውያንን አስቡ። በ1961 ሜክሲኮ ላይ፣ ማሞ ወልዴ ማራቶኑን ባሸነፈበት ኦሊምፒክ፣ አሞስ ቢዎት የሚባል ለርቀቱ ገና አዲስ የሆነ ልጅ ውኃውን በሰፊ ዝላይ እያለፈ፣ ጫማው እንኳ ሳይርስ አሸነፈ። አዘላለሉ አሠልጣኞችን ያስደነገጠ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ኬንያ በዚያ ዓይነት አዘላለል አልቀጠለችም፤ ልጆቿን በየትምህርት ቤቱ ውድድር አሳድጋ ትክክለኛውን አስተማረቻቸው። በተገኘችበት ኦሊምፒክ ሁሉ እስከ ሪዮ ድረስ የወንዶቹን ወርቅ አልለቀቀችም፤ ያቋረጣት ሞሮኳዊው ሱፍያን ኤል ባካሊ ነው፣ ቶኪዮ ላይ።

ስለዚህ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ መምህራን፣ በተለይ ለሰውነት ማጎልመሻ መምህራን፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ዘመኑ ለትምህርት ቤት ክፉ ዘመን ነው፤ ክፍሉ ተከፍቶ ልጆቹ በተሰበሰቡበት ቦታ ግን ይህ ሥራ ብዙ ብር አይጠይቅም። የመሰናክሉ አግዳሚ እንጨት አራት ማዕዘን ሆኖ ስፋቱም ውፍረቱም 12.7 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ ወደ አራት ሜትር ነው። ባሕር ዛፍ አገሩን ሞልቶታል፤ ነፋስ መውጫ ወይም መካነ ኢየሱስ ያለ አናጢ መለኪያውን ከሰጣችሁት ይሠራዋል። ከፍታውን ለሴቶቹ 76.2፣ ለወንዶቹ 91.4 አድርጉት። ለትንንሾቹ ግን በዚያ አትጀምሩ፤ ሲነካ የሚወድቅ ቀላል ዘንግ በጉልበት ልክ ላይ አስቀምጡላቸው፣ ፍርሃቱ ይውጣላቸው፣ በሁለቱም እግር መነሣት ይልመዱ። የውኃ ጉድጓድ መቆፈር አያስፈልግም፤ የርዝመት ዝላዩ አሸዋ ካለ መሰናክሉን ከፊቱ ማቆምና እላዩ ላይ ረግጦ ወደ አሸዋው መውረድን ማስተማር ይበቃል፤ አሠልጣኞችም የሚያደርጉት ነው። ከአገሩ ርቃችሁ አዲስ አበባም ሆነ ውጭ አገር የምትኖሩ የዚያ አገር ልጆች ደግሞ፣ ለተማራችሁበት ትምህርት ቤት የአንድ መሰናክል እንጨትና የአናጢ ዋጋ ላኩ። ለልጆቹም የእሸቱ ቱራንና የሶፊያ አሰፋን ስም ንገሩልን።